የገራባ ካርታ

ድሬ ዳዋ ውስጥ ከቀትር በኋላ ያልተሄደበት አገር የለም። ሰው በርጫ ላይ ተቀምጦ፣ ጫቱን ቅሞ፣ ምርቃናው ጥርት ብሎ ሲይዘው ከትራሱ ሳይነሳ ካይሮ ደርሶ ይመለሳል፤ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ያቆማል፤ የተኳረፉ መንግሥታትን ያስታርቃል። ማታ ያን ሁሉ ፎቅ የሚያፈርሰው ሌላ ጠላት አይደለም፤ ራሱ ነው። አንድ ነገር ይጎነጫል፣ ምርቃናው ይሰበራል፣ ቃሉም አብሮ ይሰበርና ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ግን ሕግ ነው። በማግስቱ ጧት በር አንኳክቶ «ትናንት እንሄዳለን ያልከውስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ እስከዚያ ጥቅምት ድረስ ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ያን ሕግ የጣሰው ወልደጻድቅ ነው።

ወልደጻድቅ የከዚራ ልጅ ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ከእናቱ ከወይዘሮ የሺአረግ ጋር ይኖራል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ ማትሪኩ አልመጣ ብሎት፣ አንድ መጋዘን ውስጥ የጨርቅ ጥቅል ሲረከብና ሲያስረክብ ይውላል። ዝምተኛ ነው። ሁለት ጊዜ ካልተጠራ አይሰማም፤ ሲሰማም ከሩቅ አገር እንደተመለሰ ሰው ዓይኑን ያርገበግባል። የማያስበው ነገር የለም። ያሰበውን ግን ልቡ ውስጥ ይጨርሰውና እጁ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝበታል። ፈረንሳይኛ ጀምሮ ተወ። ማንዶሊን ገዝቶ፣ ሁለት ዜማ ሳይለይ፣ ማንዶሊኑ አልጋ ሥር ገባ። እናቱ ለጎረቤት «የልጄ ሐሳብ ፈረስ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ ጋላቢ አጣ» ይላሉ። የሚሉት በፍቅር ነው። እሱን ግን በሰማው ቁጥር አጥንቱ ድረስ ይሰማዋል።

በዚያ ሐሙስ ሰማታር ቤት በርጫ ላይ ነበር። ሰማታር የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው፤ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል፤ አፉ ምላጭ ነው። ቤቱ ደቻቱ ከሚባለው ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ሲሆን፣ እናቱ ሃሊሞ ጫት ነጋዴ ስለሆኑ በዚያ ቤት ጫት ጠፍቶ አያውቅም። የቤቱ ጌታ ነውና መስኮቱ ሥር ያለው ትልቁ የራስጌ ትራስ የሰማታር ነው። ከጎኑ ለገሃር አካባቢ ብስክሌት በሰዓት የሚያከራየው ቢሌ፣ ከቢሌ ቀጥሎ ዕድሜያቸውን ባቡር ሲነዱ የፈጁት ጋሽ አብዲቃድር ተጋድመዋል። ወልደጻድቅ በሩ አጠገብ፣ ጫማ ከሚወልቅበት ላይ ነው፤ ሁለት ቅጠል ቀንጥሶ የሰው ወሬ ሲሰማ ይውላል።

«አቦ፣ ሳይክሎቼ እኮ ከተማው ሰለቻቸው» አለ ቢሌ። «ከለገሃር ደቻቱ፣ ከደቻቱ ለገሃር። እንደ ውሃ አህያ መንገዱን ራሳቸው ነው የሚሄዱት።»

«ታዲያ ደጋ እናውጣቸዋ» አለ ሰማታር። «አየር ይቀይሩ።»

«እኔም አለሁበት» አሉ ጋሽ አብዲቃድር። «ዕድሜ ልኬን የሄድኩት ሐዲዱ የወሰደኝ ቦታ ነው። አንድ ቀን እንኳ በራሴ ፈቃድ ታጥፌ አላውቅም።»

ወልደጻድቅ መቼ እንደተነሳ ለራሱም አልታወቀውም። ምንጣፉ መሐል ተንበርክኮ ገራባውን፣ ቅጠሉ ተበልቶ የተጣለውን የጫት እንጨት ሁሉ፣ ይሰበስብ ጀመር። መንገዱን የሚያውቀው ከትምህርት ቤት ካርታና አንድ ጊዜ በአውቶቡስ መስኮት ካየው ነው፤ በሐሳቡ ግን ስንት ጊዜ ተመላልሶበታል።

«ይህ ደንገጎ ነው» አለ እንጨቱን እየከመረ። «ዳገቱ እዚህ ያልቃል። ከዚያ በቀኝ፣ በቀርሳ፣ በላንጌ አድርጎ ቁልቢ። ከቁልቢ በታች ያለው ሸለቆ ጥድ ነው፤ ጫካ።» የማይበላውን ቅጠል በእፍኙ አፈሰሰበት። «አድረን እንመለስና ከደንገጎ በወዲያኛው በኩል ዓለማያ።» የሰማታርን የውሃ ብርጭቆ አንስቶ በቦታው አኖረው። «ሐይቁን ዳር ዳሩን እንሄዳለን። ከዚያ ወደ ድሬ ቁልቁል ነው፤ ፔዳል እንኳ አያስፈልግም።»

ሦስቱም ገራባው ላይ አጎነበሱ። ቢሌ በጣቱ ደንገጎን ወጣና ጫፉ ላይ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያማ ሁሉም ደንብ አውጪ ሆነ። የድሬ ልጅ ዳገት ሲያይ የጭነት መኪና ጅራት ይዞ መጎተት ልማዱ ነውና፣ መኪና መያዝ ክልክል ነው ተባለ። ሳይሄድ ሄድኩ የሚል እንዳይኖርም ከጫካው የጥድ ዝንጣፊ፣ ከሐይቁ ውሃ ይምጣ ተባለ። ወላሂ ተባለ። መዳፍ በመዳፍ ተመታ።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለ ወልደጻድቅ።

በርጫ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም።

«እሁድ» አለ ሰማታር። «ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ለገሃር በር ላይ። ሰኞ ለበርጫ እዚሁ ነን።»

ማምሻውን ሃሊሞ መጥረጊያ ይዘው ገቡ። ደንገጎን፣ ቁልቢን፣ ጫካውን በአንድ ላይ ጠርገው በሩ ጥግ ከመሩት፤ ሐይቁን አንስተው አጠቡት።

«ሆዮ፣ አገር እኮ ነው የጠረግሽው» አላቸው ልጃቸው እየሳቀ።

«አገራችሁ ዝንብ ሰበሰበ» አሉ እናቱ።

ወልደጻድቅ አርብ የዓመት ፈቃዱን ለምኖ አስፈቀደ። ቅዳሜ ቀበሌ ተሰልፎ የይለፍ ወረቀት አወጣ፤ ጸሐፊው «ለምን ጉዳይ?» ብሎት «ለጉብኝት» ሲል፣ «ለቅሶ ብንለው አይቀልም?» ብሎ መክሮት ነበር። እሁድ ጎህ ሲቀድ ዳቦና ቴምር በኮሮጆ አንግቶ፣ ባዶ ጠርሙስ በብብቱ ሸጉጦ ለገሃር በር ላይ ቆመ። የጥበቃው ሰው ሁለት ጊዜ ገልመጥ አደረገው። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ወጥታ የጣቢያውን ግድግዳ አቀላችው። ማንም አልመጣም።

ቢሌን ደጁ ላይ በገመድ አልጋ ተኝቶ አገኘው።

«ያ ነገር የምር ነበር እንዴ?» አለ ቢሌ አንድ ዓይኑን ገልጦ።

«ምለሃል እኮ።»

«ዋሪያ፣ መርቅኜ ነዋ የማልኩት።» እንቅልፉ እንዳይሸሽበት ብቻ ከትራሱ ሥር ቁልፍ አውጥቶ ወረወረለት። «ትልቁን ቻይና ውሰድ። ፍሬን ግን የለውም።»

«እንዴት ፍሬን አይኖረውም?»

«ድሬ ላይ ፍሬን ምን ይሠራል? አሸዋው ያቆምሃል» ብሎ ተሸፋፈነ።

ጋሽ አብዲቃድር በመስኮት አንገታቸውን ብቅ አድርገው «እኔ መርቅኜ ነበር ልጄ፤ ጉልበቴ ግን አልመረቀነም» አሉት። ሰማታር ደግሞ በሽርጥ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሳቁን ለጎረቤት ሁሉ አሰማ።

«ኑ፣ ሦስት ሌሊት ምርቃናው ያልለቀቀውን ሰው እዩ። አንተ፣ በርጫ ላይ የተባለ በርጫ ላይ ይቀራል።»

«እኛ ቤት ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው የሚባለው» አለ ወልደጻድቅ።

«እናንተ ቤት ማንዶሊንም አለ። አልጋ ሥር።» ሰማታር ሳቁን አቆመ። «ስማኝ። ደንገጎ ሥር ትደርሳለህ፣ ዳገቱን ቀና ብለህ ታየዋለህ፣ በልብህ ትወጣውና ትመለሳለህ። ካልሆነ፣ ጥዱንም ውሃውንም ይዘህ ለበርጫ ከመጣህ፣ የራስጌው ትራስ ያንተ ነው። እኔ በሩ ሥር እቀመጣለሁ።»

ወልደጻድቅ ኮሮጆውን ትከሻው ላይ አጠበቀ። ሰማታር የነገረው ስለ ደንገጎ አልነበረም፤ ስለ ዕድሜው ሁሉ ነው። ብስክሌቱን ሊያዞር ሲል ከሰላት የተነሱት ሃሊሞ ከጓዳ አንድ ወፍራም ካፖርት ይዘው ወጡ። ሰማታር ከቦንዳ መርጦ ገዝቶት፣ በድሬ ሙቀት አንድ ቀን ለብሶት የማያውቅ ካፖርት ነው።

«በሸሚዝ ደጋ የሚወጣ ማን አባቱ ነው?» አሉ። «የድሬ ሰው ሁሉ የሚሞኘው እንዲህ ነው፤ ፀሐይዋን ይዞ የሚሄድ ይመስለዋል።»

«አዴ ሃሊሞ፣ የሰማታር አይደለም እንዴ?»

«ልጄ ይተኛ» አሉ። «ካፖርቱ ግን ይሂድ።»

ዳገቱ ከተማው እንዳለቀ ይጀምራል። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ወልደጻድቅ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ቆሞ፣ ሦስተኛው ላይ ወርዶ እየገፋ። ብስክሌቱ ብረት ብቻ ሳይሆን የብረት አባት ነው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ሳንባው እንደ ወናፍ ተነፋ። ከታች አንድ ጭነት መኪና እያቃሰተ መጣና ከጎኑ ሲደርስ፣ ረዳቱ ከጭነቱ ላይ «ያዝ፣ ያዝ» አለው። ጅራቱ እጁ ሥር ነበር፤ ሰንሰለቱ እንኳ እንደ እጀታ ተንጠልጥሎለታል። መዳፉን ዘረጋና መልሶ መሪው ላይ አኖረው። መኪናው ጭሱን ትቶለት አለፈ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ከላይ ወደ ታች አንድ ነገር እየጮኸ መጣ። የጫት መኪና ነው። የድሬ ሰው ምሳውን በልቶ የሚጠብቀው የአወዳይ ጫት በዚያች መኪና ነው የሚወርደው፤ ሾፌሯ ዩሩብ ይባላል፤ ለባለሥልጣን መኪና እንኳ መንገድ ለቅቆ አያውቅም። ዩሩብ ዳር ይዞ የሚገፋውን ሰው ሲያይ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ተበላሸብህ?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ለምን ትገፋዋለህ?»

«ዳገቱን ልወጣው።»

ዩሩብ ራሱን ነቅንቆ ወረደ። ያን ቀን ከሰዓት መጋላ በሙሉ አንድ እብድ ብስክሌት እየገፋ ደንገጎን እንደሚወጣ ሰማ።

ደንገጎ ጫፍ ላይ፣ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት፣ ገመድ የተዘረጋበት ኬላ አለ። ወልደጻድቅ ደርሶ ዞር ሲል ድሬ ከእግሩ ሥር ነበረች፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ በሙቀት ጭጋግ ተጠቅልላ። ስንት ዓመት ከውስጧ ሆኖ ወደዚህ ተራራ ቀና ሲል ኖሯል። ከላይ ወደ ታች ሲያያት የመጀመሪያው ነው። ሊስቅ ፈለገ፤ ትንፋሽ አነሰው።

ብርድ ልብስ የደረበ ጠመንጃ ያዥ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ጎማውን ጨምቆ፣ ብስክሌቱን አንስቶ ነቀነቀና ጆሮውን ሰጠ።

«ዓላማህ?»

«ጉብኝት። ተራራ፣ ጫካ፣ ሐይቅ።»

«ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«እቃህ የታለ?»

«ዳቦ ነው።»

«ከድሬ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ ጠባቂው። ግን የሚያሳስርበት ነገር አጣና ገመዱን አላላ።

ያኔ የደጋው ነፋስ ሸሚዙን በረበረው፤ ካፖርቱን ለበሰና ሃሊሞን በልቡ መረቀ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እንደ ዜማ ነበር፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል። ማሽላው ግራና ቀኝ ሰው አክሎ ቆሟል። ቀርሳ ላይ ገበሬዎች የት እንደሚሄድ ጠየቁት። «ቁልቢ» ሲላቸው «የገብርኤል በዓል እኮ ገና ነው» አሉት። ጫካውን ሊያይ ብቻ እንደሚሄድ ሲነግራቸው እርስ በርስ ተያዩና፣ ለእንዲህ ያለው ሰው መልሱ ምግብ ነው ብለው አንድ የተቀቀለ ድንች በእጁ አኖሩለት። ላንጌን ሲያልፍ ጭኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲወርድ በረባሶውን ኋላ ጎማው ላይ እየጫነ ያቆማል፤ ከጎማ የተሠራ ጫማ ነውና ጎማ በጎማ ሲፋተግ ይሸታል። ቁልቢ ሲደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ስለተኞች በሚያርፉበት ባዶ ዳስ ውስጥ ካፖርቱን ተጠቅልሎ እንደ ግንድ ወደቀ።

ጧት ወደ ሸለቆው ወረደ። የጥዶቹ ጫፍ ብርሃን ይዟል፤ ሥራቸው ገና ጨለማ ነው። ጤዛው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲንጠባጠብ ጫካው ሁሉ በሹክሹክታ የሚያወራ ይመስላል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ዘለለ። ወልደጻድቅ ይህን ቦታ በሐሳቡ ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ በሐሳቡ ግን ሽታ አልነበረውም። በሐሳቡ እግሩ አይረጥብም፣ ጆሮው አይበርደውም ነበር። የታሰበ ነገር ሲሠራ ከታሰበው ይበልጣል ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። ከቆመ ዛፍ አልቆረጠም፤ የደብር ጥድ አይነካም። ነፋስ የጣለውን አንድ ዝንጣፊ አንስቶ ካፖርቱ ደረት ኪስ ውስጥ ሰካው።

የሰኞው ጉዞ የሁለት ሰው ጉልበት ፈለገ። ወደ ኋላ በላንጌ፣ በቀርሳ፣ በደንገጎ አጠገብ አልፎ ዓለማያ ሲደርስ ጥላው ረዝሟል። ሐይቁ ጠፍጣፋ ብር ነበር። ዳሩን ይዞ ሄደ፤ ነጫጭ ወፎች ተነስተው ከፊቱ ያርፋሉ፣ ሲደርስባቸው ደግሞ ይነሳሉ። ጠርሙሱን ሞልቶ በቡሽ ደፈነውና ወደ ደንገጎ ተመለሰ። አሁን የቀረው ቁልቁለቱ ብቻ ነው። በርጫው ሳይበተን ይደርሳል።

ኬላው ላይ ያው ጠባቂ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ውሃ።»

«ከየት?»

«ከሐይቁ።»

«ድሬ ውሃ የለም?»

«አለ።»

«እና?»

ለጠመንጃ ያዥ ስለ ገራባ ካርታ ከየት ጀምሮ ይነገረዋል? ጠባቂው ቡሹን ነቀለ፣ አሸተተ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ። ሽታ የሌለው አረቄም አለ ብሎ በመዳፉ አፈሰሰ፤ ነጭ ጋዝ ይሆን ብሎ ድንጋይ ላይ አፈሰሰ፤ ድንጋዩ ሲያጨስ ይታይ እንደሆነ ብሎ የቀረውንም ገለበጠው። ጎንበስ ብሎ አየ።

«እውነትህን ነው» አለ ቀና ብሎ። «ውሃ ነው።» ባዶውን ጠርሙስ መለሰለት።

ወልደጻድቅ ጠርሙሱን ይዞ ቆመ። ጠባቂው የሰውየው ፊት ሲገረጣ አይቶ መሰለኝ፣ ከጎጆው ጎን ያለውን በርሜል በአገጩ አመለከተ። «ከዚያ ቅዳ። ውሃ ያው ውሃ ነው።»

እውነቱን ነበር። ማን ያውቃል? ሰማታር አያውቅም። ቢሌ አያውቅም። ድሬ ከታች መብራቷን ልታበራ ስትዘጋጅ ትታየዋለች። አሁን ቢወርድ የሰማታር ምርቃና ሳይሰበር በሩን ያንኳኳል። ነገ ቢሄድ ግን፣ «ሰኞ ያለ ሰው ሰኞ ካልመጣ ሸሽቷል» ብለው ስሙን ከማንዶሊኑ ጋር አልጋ ሥር ይከቱታል። ሄዶ በርሜሉን ከፈተ። ጠርሙሱ ግማሽ ድረስ ሞላ።

ግማሹ ላይ ቆመ። ሐይቁ መድረሴን ልቤ ያውቀዋል፣ የጎደለው ውሃው ብቻ ነው ሊል ነው። በልቡ ደርሶ የማያውቅበት ቦታ መቼ ነበረና? ይህኛውን ልዩ የሚያደርገው እግሩ ነው። የእግሩ ማስረጃ ደግሞ የበርሜል ውሃ አይደለም።

ደፋውና ብስክሌቱን አዞረ።

«ወዴት?» አለ ጠባቂው።

«ወደ ሐይቁ።»

«ለዚች ውሃ? ሰዓት እላፊ ይይዝሃል።»

«ሳይይዘኝ እደርሳለሁ። ከዚያ አድራለሁ።»

ሐይቁ ዳር የሽንኩርት ማሳ የሚጠብቅ ሽማግሌ ከጎጆው ጥግ አስጠጋው። ማልዶ፣ ውሃው ገና ሮዝ ሳለ፣ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ጠርሙሱን ሞላ። ከዚያ እንዲሁ ቆመ። ማንም አይቸኩልበትም፤ መዘግየቱን እንደሆነ ዘግይቷል። ያን ያህል ደስ ብሎት አያውቅም።

ኬላው ላይ ጠባቂው ከሩቅ አይቶት ተነሳ። ጠርሙሱን ተቀበለ። ጠባቂው በብርሃን አንስቶ አየና፣ ቡሹን ሳይነቅል በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አጠበቀው።

«እለፍ» አለ ገመዱን እስከ ደረቱ ብድግ አድርጎ። «የዚህን ውሃ እኔ እመሰክርለታለሁ።»

ቁልቁለቱ ከፊቱ ተዘረጋ። የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች በረባሶውን ተጭኖ ወረደ፤ ሽታው ተነሳ፣ ጢሱ ተከተለ። ከመሐል ሲደርስ ከኋላው ጥሩምባ ሰማ። የዩሩብ መኪና ነበረች፤ ጫቱ እንዳይጠወልግ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ እስከ ላይ ተጭኗል። ዳር ልያዝ አለ፤ ዳሩ ገደል ነው። ልቁም አለ፤ የበረባሶው ሶል ተበልቶ ተረከዙ ጎማውን ነካ። ያኔ ሌላ ምርጫ አልነበረውምና እግሩን አንስቶ ለቀቀው።

ነፋሱ ካፖርቱን እንደ ክንፍ ገለጠው። መታጠፊያው ይመጣል፣ ይጋደማል፣ ይወጣል፤ ሌላው ይመጣል። ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ፊቱን ሳመው፤ አገሩ እየተቀበለችው ነው። የዩሩብ ረዳት መጀመሪያ ከጫቱ ላይ ሆኖ ይሰድበው ነበር፤ ከሦስት መታጠፊያ በኋላ ያጨበጭብለት ጀመር። ሜዳው ላይ ሲደርሱ መንገዱ ሰፋ። ዩሩብ ማለፍ ይችል ነበር። ለማንም መንገድ ለቅቆ የማያውቀው ዩሩብ ግን ያን ቀን ነዳጁን ቀነስ አድርጎ፣ ጥሩምባውን እንደ ሠርግ እየነፋ፣ ከኋላ አጀበው።

መጋላ የጫት ተራው ላይ ሰው ግጥም ብሏል። የዩሩብ ጥሩምባ ሲሰማ እንደ ልማዱ ሆ ተባለ፤ ሴቶቹ ሻሻቸውን አጠበቁ፤ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ከአቧራው ውስጥ ግን ቀድሞ የወጣው ጫት አልነበረም። በደጋ ካፖርት የተጀቦነ፣ ደረቱ ላይ ጥድ የሰካ፣ አንድ እግሩን ከፔዳሉ አርቆ ያነሳ ሰው ነበር።

«የኛ ካፖርት ነው» አሉ ሃሊሞ። ከዚያ ፊቱን አዩና እልልታቸውን ለቀቁት። ሌሎቹ ሴቶች ነገሩን ሳይጠይቁ ተቀበሏቸው። ለጫት የተጀመረው ሆታ ባለቤቱን ለወጠ።

ወልደጻድቅ ሊያቆም አልቻለም። በሰማታርና በቢሌ ፊት፣ ዓይናቸው እንደፈጠጠ፣ ፍጥነቱ እንኳ ሳይቀንስ አለፈ፤ በተራው ጫፍ ወርዶ ደረቁ ደቻቱ ውስጥ ገባ። ጎማው አሸዋውን ሰነጠቀ፣ ዘገየ፣ ሰጠመ። ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እሱም ላዩ ላይ እንደተቀመጠ።

ቢሌ እየሮጠ መጣ። «አሸዋው ያቆምሃል አላልኩህም?» አለ።

ከቀትር በኋላ ሰማታር ትራሱን አንስቶ ራሱ አራገፈው፤ መስኮቱ ሥር መልሶ አኖረውና በሩ አጠገብ፣ ጫማዎቹ መሐል ተቀመጠ። ጋሽ አብዲቃድር ጥዱን አሸተው አሸተው ለማንም አልሰጥ አሉ። ቢሌ ጠርሙሱን በብርሃን አየ።

«ሰኞ ነበር የተባባልነው» አለ ሰማታር። «ትናንት ምን ሆነህ ነው የቀረኸው? ሸሸ ብዬ ነበር።»

ወልደጻድቅ የጠባቂውን፣ የበርሜሉንና የሐይቁን ነገር ነገራቸው። ሲጨርስ ሰማታር ጠርሙሱን ከቢሌ እጅ ወሰደ።

«የበርሜሉን ብታመጣ አናውቅም ነበር እኮ።»

«አዎ» አለ ወልደጻድቅ።

ከዚያ ገራባውን ሰብስበው ካርታውን እንደገና እንዲሠራላቸው ለመኑት። ሠራው። ግን ደንገጎን ከበፊቱ ሁለት እጥፍ ከመረው፤ ላንጌ ላይ ያልነበረ ዳገት ጨመረ፤ ኬላውን በክብሪት እንጨት አቆመ። በቅጠሉ ፋንታ እውነተኛውን ጥድ አስቀመጠ። ብርጭቆው ውስጥ ዓለማያን ቀዳ። ሃሊሞ መጥረጊያቸውን ይዘው ገቡ፤ አዩና፣ ዙሪያውን ጠርገው ካርታውን ሳይነኩ ወጡ።

ቀስ በቀስ ምርቃናው ቤቱን ያዘው። ሰማታር በሩ ሥር ሆኖ ዓይኑ ማብራት ጀመረ።

«ካፖርቴ ሄዶ መጥቷል» አለ። «እኔስ ግማሽ ሄድኩ ማለት ነው። እንግዲህ የሚቀረን ባሕር ነው። የጨው ባሕር። እስከ አሰብ፣ ዳር ዳሩን፣ ማዕበሉ ጎማችንን እያጠበልን…»

ከመስኮቱ ሥር ወልደጻድቅ ከትራሱ ቀና አለ።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለ።

ቢሌ ጣሪያውን አየ። ጋሽ አብዲቃድር ሁለት ጉልበቶቻቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ሰማታር የከፈተውን አፍ እንዴት እንደሚዘጋው ቸግሮት፣ ወልደጻድቅን ሲያይ፣ ካርታውን ሲያይ ቆየ፤ በመጨረሻ በረጅሙ ተንፍሶ ለማልቀስም ለመሳቅም የተዘጋጀ ፊት አሳየ።

«ሆዮ» ብሎ ወደ ጓዳ ተጣራ። «ሌላ ካፖርት አለን እንዴ?»

«ባሕር ሙቀት ነው» አሉ ሃሊሞ ከጓዳ። «ፍሬን ግዛ።»